ዓይን ወይስ እጅ? የቪዲዮ ጌም ታሪክ ከሰኒቬል መጠጥ ቤት እስከ አዲስ አበባ

የፈረንጆች ገና በተቃረበ ቁጥር በሳን ሆዜም ሆነ በኦክላንድ ብዙ ኢትዮጵያዊ ወላጅ አንድ ፈተና ይገጥመዋል። ልጁ የቪዲዮ ጌም ማጫወቻ ይፈልጋል። ወላጅ ከሁለት ሥራ በተረፈችው ሰዓት ልጁን ይዞ መደብር ይገባል። ሻጩ የሚያወራው ስለ ምስሉ ጥራት ነው። የሜዳው ሣር አንድ በአንድ እንደሚታይ፣ የኳስ ተጫዋቹ ላብ ሳይቀር ግንባሩ ላይ እንደሚንቆረቆር ያስረዳል። ልጁ ግን ሻጩን አይሰማም። ለሙከራ የተቀመጠውን ጆይስቲክ ከጨበጠ ቆይቷል።

“ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል” ይላል ያገራችን ሰው። በዚህ ነገር ግን በዓይንና በልብ መካከል እጅ ገብቷል። ለመሆኑ ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል? የሚያምረው ምስል ነው ወይስ በእጅ የሚያዘው መቆጣጠሪያ? ጥያቄው የልጆች ብቻ ይመስላል እንጂ የብዙ ቀን ላብ የሚወጣበት ስለሆነ የወላጅም ነው። መልሱን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አንድ ኢትዮጵያዊ ታክሲ ነጂ ከሳን ሆዜ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ አየር ማረፊያ ሲመላለስ በ101 አውራ ጎዳና የሚያልፋቸው ከተሞች፣ ማለትም ሳንታ ክላራ፣ ሰኒቬል፣ ማውንቴን ቪው፣ ሬድውድ ሲቲ፣ ፎስተር ሲቲና በርሊንጌም፣ የዚህ ክርክር ዋና ዋና ምዕራፎች የተጻፉባቸው ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስደተኛው መሐንዲስና የሰኒቬል መጠጥ ቤት

በቤት ውስጥ ቴሌቪዥን ላይ የሚጫወቱትን መሣሪያ ቀድመው የሠሩት ሰው ስደተኛ ነበሩ። ራልፍ ቤር ይባላሉ። በ1922 በጀርመን አገር ከአይሁድ ቤተሰብ ተወልደው፣ በ1938 የናዚ መንግሥት መከራ ሲጠና ከቤተሰባቸው ጋር ወደ አሜሪካ ሸሹ። እዚህም የቴሌቪዥን ምህንድስና ተምረው የፈጠሩትን መሣሪያ ማግናቮክስ የተባለው ኩባንያ በ1972 “ኦዲሲ” ብሎ ለገበያ አቀረበው። ኦዲሲ ድምፅ እንኳ አልነበረውም። በቴሌቪዥኑ መስኮት ላይ የሚያሳየው ጥቂት ነጫጭ ነጥቦችንና አንድ መስመር ብቻ ነበር። ሜዳውን ለማስመሰል ባለቀለም ላስቲክ መስኮቱ ላይ ይለጠፍ ነበር። ዳሩ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ቴሌቪዥን የሚታይ እንጂ የሚታዘዝ ዕቃ አልነበረም። ሰውን ያስደነቀው መዘውሩን ሲያዞር ነጥቡ አብሮ መንቀሳቀሱ ነው።

በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ኦዲሲ በበርሊንጌም ለእይታ ሲቀርብ ከተመልካቾቹ አንዱ ኖላን ቡሽኔል ነበሩ። ቡሽኔል ከዚያ ቀደም ብሎ በ1971 “ኮምፒውተር ስፔስ” የተባለ በሳንቲም የሚሠራ ጨዋታ ከቴድ ዳብኒ ጋር ሠርተው ነበር። ማሽኑ ሲያዩት ያምራል፤ ነገር ግን መንኮራኩሯን ለማዞር፣ ለማስፈንጠርና ለመተኮስ ለእያንዳንዱ የተለየ ቁልፍ መጫን ያስፈልጋል። በሜንሎ ፓርክ “ደች ጉስ” በተባለው መጠጥ ቤት የስታንፎርድ ተማሪዎች ወደዱት። ከሥራ ደክሞት የሚመጣው ሰው ግን መመሪያ አንብቦ የሚጫወትበት ትዕግሥት አልነበረውምና ማሽኑ እንደታሰበው አልሄደም።

ቡሽኔልና ዳብኒ በ1972 አታሪ የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የተማሩትን ወጣት መሐንዲስ አለን አልኮርንን ቀጥረው “ፖንግ” የተባለውን ጨዋታ አሠሩ። ፖንግ ሁለት ዘንጎችና አንዲት ነጭ ነጥብ ነው። ለእያንዳንዱ ተጫዋች የተሰጠው አንድ የሚዞር ቁልፍ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ማሽን በሰኒቬል “አንዲ ካፕስ” በተባለ መጠጥ ቤት ተቀመጠ። ብዙም ሳይቆይ ተበላሸ ተብሎ አልኮርን ተጠሩ። ሲከፍቱት ማሽኑ አልተበላሸም። ሳንቲም ሞልቶበት ነው የቆመው።

ከኮምፒውተር ስፔስ ጋር ሲነጻጸር የፖንግ ምስል እጅግ የደኸየ ነበር። ያሸነፈው ግን እሱ ነው። በአንድ እጁ ብርጭቆ የያዘ ሰው በሌላው እጁ ሊጫወተው ይችል ነበርና።

ጄሪ ላውሰን፦ ስማቸው የተረሳው ጥቁር መሐንዲስ

የዚህ ታሪክ ትልቁ ምዕራፍ የጄራልድ ላውሰን ነው። ጄሪ ላውሰን በታኅሣሥ 1940 በኒው ዮርክ ብሩክሊን ተወልደው በኩዊንስ አደጉ። አንደኛ ክፍል ሳሉ አስተማሪያቸው የታላቁን ጥቁር ሳይንቲስት የጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨርን ሥዕል ከመቀመጫቸው አጠገብ እንዳደረጉላቸውና አንተም እንዲህ ልትሆን ትችላለህ እንዳሏቸው ላውሰን እስከ ሽምግልናቸው ያስታውሱ ነበር። በልጅነታቸው የራዲዮ ማሠራጫ ገጣጠሙ፤ በወጣትነታቸው የሰፈሩን ቴሌቪዥን እየጠገኑ ገንዘብ ያገኙ ነበር።

በ1970 ወደ ቤይ ኤሪያ መጥተው ፌርቻይልድ በተባለው የሴሚኮንዳክተር ኩባንያ መሐንዲስ ሆኑ። በዚያን ጊዜ በሲሊከን ቫሊ የነበሩት ጥቁር መሐንዲሶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ላውሰን በሳንታ ክላራ ቤታቸው ጋራዥ ውስጥ “ዴሞሊሽን ደርቢ” የተባለ በሳንቲም የሚሠራ የመኪና ጨዋታ ሠርተው በካምቤል ከተማ አንድ ፒዛ ቤት አስቀመጡት። ኩባንያው ይህን ሲሰማ ቪዲዮ ጌም ሥራ ውስጥ እንዲያስገቡት ኃላፊነቱን ሰጣቸው።

እስከዚያ ድረስ የቤት ውስጥ ማጫወቻ ከፋብሪካ ሲወጣ ይዞት ከመጣው ጨዋታ ሌላ አያውቅም ነበር። አልፔክስ በተባለ ትንሽ ኩባንያ የሚሠሩት ዋላስ ኪርሽነርና ሎረንስ ሃስከል፣ ጨዋታው ለብቻው ተነቃይ ዕቃ ላይ እንዲቀመጥ የሚያስችል ሐሳብ ነበራቸው። የእነሱ ሙከራ ግን ለላቦራቶሪ እንጂ ለሳሎን የሚሆን አልነበረም። ጨዋታውን የሚያዙትም በኮምፒውተር ኪቦርድ ነበር። ላውሰንና ባልደረቦቻቸው፣ መካኒካል መሐንዲሱ ሮን ስሚዝና የቅርጽ ባለሙያው ኒክ ቴልስፎር፣ ይህን ሙከራ ማንም ልጅ ሊይዘው ወደሚችል ዕቃ ለወጡት።

ሥራው ቀላል አልነበረም። ጨዋታ ያለበትን ካርትሪጅ፣ ማለትም ብዙ ሰው “ካሴት” የሚለውን፣ ልጅ በቀን ስንት ጊዜ ሲሰካና ሲነቅል ውስጡ ያለው ቺፕ እንዳይቃጠልና እንዳይሰበር ማድረግ ነበረባቸው። ከዚህም ሌላ የመገናኛ ጉዳዮች የፌዴራል ኮሚሽን መሣሪያው የጎረቤትን ቴሌቪዥን እንዳይረብሽ ጥብቅ ደንብ ስለነበረው ፈቃዱን ለማግኘት ብዙ ደክመዋል።

በኅዳር 1976 ማጫወቻው በ169 ዶላር ከ95 ሳንቲም ለገበያ ወጣ። በኋላ “ቻነል ኤፍ” ተባለ። መቆጣጠሪያው እስካሁንም የሚያስገርም ነው። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ሣጥን ሳይሆን በአንድ እጅ የሚጨበጥ ዘንግ ነው፤ ከጫፉ ላይ ባለ ሦስት ማዕዘን ራስ አለው። ራሱ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ይገፋል፤ ወደ ሁለቱም ጎን ይጠመዘዛል፤ ወደ ላይ ይሳባል፤ ወደ ታች ይጫናል። በድምሩ ስምንት ዓይነት እንቅስቃሴ በአንድ እጅ ማለት ነው። ማጫወቻው ላይ ደግሞ ጨዋታውን ለጊዜው የሚያቆም ቁልፍ ነበር። እናት “ና ምሳ ብላ” ስትል ልጅ ጨዋታውን አቁሞ የሚሄድበት ቁልፍ ከዚያ ነው የመጣው።

የቻነል ኤፍ ምስል ሸካራ ነበር፤ ቀለሙም ጥቂት ነው። ቢሆንም የላውሰን ቡድን ያመጣው ነገር ከማንኛውም ውብ ምስል የበለጠ ዘመን ተሻገረ። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዓመታት ጨዋታ እየቀየረ የተጫወተ ልጅ ሁሉ የእነሱን መንገድ ነው የተከተለው።

ምስጋናው ግን ዘገየ። ስማቸው በሣጥኑ ላይ አልተጻፈም። በ1980 ከፌርቻይልድ ወጥተው ቪዲዮሶፍት የተባለ የራሳቸውን የጨዋታ ኩባንያ አቋቋሙ፤ እሱም ብዙ ሳይቆይ ተዘጋ። የዓለም አቀፉ የጨዋታ ሠሪዎች ማኅበር ላውሰንን የመስኩ ቀዳሚ ብሎ ያከበራቸው በመጋቢት 2011 ነው። እሳቸውም ከአንድ ወር ገደማ በኋላ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 2011፣ በ70 ዓመታቸው ዐረፉ።

የአታሪ መውጣትና መውደቅ

በ1977 አታሪ የራሱን ባለ ካርትሪጅ ማጫወቻ አወጣ። መቆጣጠሪያው አንድ ዱላና አንድ ቀይ ቁልፍ ብቻ ነበር። የላውሰን ዘንግ ስምንት እንቅስቃሴ ያውቅ ነበር፤ የአታሪው ግን ጉልበቱ ቀላልነቱ ነው። እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር አለ። አዲስ መቆጣጠሪያ ማለት ብዙ ነገር የሚያደርግ ማለት አይደለም፤ እጅ ሳይማር የሚያውቀው ማለት ነው። በ1980 “ስፔስ ኢንቬደርስ” የተባለው ጨዋታ በአታሪ ሲመጣ ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ገባ።

ሀብት ሲበዛ ጥንቃቄ ጠፋ። በ1982 አታሪ “ኢ.ቲ.” በተባለው ታዋቂ ፊልም ስም ጨዋታ አወጣ። ሠሪው የተሰጣቸው ጊዜ አምስት ሳምንት ያህል ብቻ ነበር። በሣጥኑ ላይ ያለው ሥዕል ያማረ ነው፤ ተጫዋቹ ግን በየደቂቃው ጉድጓድ ውስጥ እየወደቀ መውጫ ያጣ ነበር። ያልተሸጠው ዕቃ በ1983 በኒው ሜክሲኮ አላማጎርዶ ከተማ ተቀበረ፤ በ2014 ተቆፍሮ ወጥቷል። ጥፋቱ የአንድ ጨዋታ ብቻ አልነበረም። ገበያው በብዙ ኩባንያዎች የማይረባ ዕቃ ተጥለቅልቆ ነበርና በአሜሪካ የቤት ውስጥ ጨዋታ ሽያጭ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከነበረበት በ1985 ወደ 100 ሚሊዮን ያህል ወረደ።

ዕዳውን የከፈለው ሠራተኛው ነው። በ1983 መጀመሪያ ላይ አታሪ የመገጣጠም ሥራውን ወደ ሆንግ ኮንግና ታይዋን ለማዛወር ወስኖ 1,700 ሠራተኞቹን አሰናበተ። በሳንታ ክላራ አውራጃ በመገጣጠሚያ መስመር ላይ ይሠራ የነበረው ሕዝብ አብዛኛው ሴትና ስደተኛ ነበር። በዚያ መስመር ላይ በእጁ የኖረ ኢትዮጵያዊም የሥራ መቋረጥ ማለት ምን እንደሆነ ያውቀዋል።

ያማረው ምስል የተሸነፈባቸው ዓመታት

ገበያውን ከሞት ያስነሳው የጃፓኑ ኔንቴንዶ ነው። የኔንቴንዶው ጉንፔይ ዮኮይ በ1982 በአውራ ጣት ብቻ የሚታዘዝ የመስቀል ቅርጽ ያለው ቁልፍ አመጡ። ዛሬም ብዙ ጆይስቲክ ላይ በግራ በኩል የሚታየው ያ መስቀል የእሳቸው ነው። የዮኮይ እምነት አዲስና ውድ ቴክኖሎጂ ከማሳደድ፣ የታወቀውንና የረከሰውን በአዲስ ዘዴ መጠቀም ይሻላል የሚል ነበር።

ይህ እምነት በ1989 ተፈተነ። በዚያ ዓመት ሁለት በኪስና በእጅ የሚያዙ ማጫወቻዎች ወጡ። የዮኮይ “ጌም ቦይ” ምስሉ ቀለም የለውም፤ አረንጓዴ በሆነ ደብዛዛ መስኮት ላይ ጥላ ብቻ ነው የሚያሳየው። በሬድውድ ሲቲ በኤፒክስ ኩባንያ ተፈልስፎ በሰኒቬሉ አታሪ የተሸጠው “ሊንክስ” ግን ባለ ቀለምና መብራት ያለው ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው ሊንክስን ይመርጣል። ነገር ግን ሊንክስ ስድስት ባትሪ በጥቂት ሰዓት ይጨርሳል፤ ጌም ቦይ በአራት ባትሪ ከዕጥፍ በላይ ይቆያል። ሊንክስ ትልቅና ከባድ ነው፤ ዋጋውም ወደ 180 ዶላር ነበር። ጌም ቦይ ወደ 90 ዶላር። ጌም ቦይና ባለቀለም ተከታዩ በአንድነት ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሸጡ። ሊንክስን ዛሬ የሚያስታውሰው ዕቃ ሰብሳቢ ነው።

በ1993 ደግሞ ከሬድውድ ሲቲ “ስሪዲኦ” መጣ። ታይም መጽሔት የዓመቱ ምርጥ ዕቃ አለው። ምስሉ ለዘመኑ ድንቅ ነበር፤ ዋጋው ግን 700 ዶላር። ያን ሁሉ ከፍሎ ቤቱ የገባ ሰው ለጆይስቲክ አንድ መሰኪያ ብቻ አገኘ። ወንድሙ አብሮት እንዲጫወት የወንድሙን ጆይስቲክ በራሱ ጆይስቲክ ላይ መሰካት ነበረበት። በዚያው ዓመት አታሪ “ጃጓር” ብሎ አወጣና 64 ቢት ነኝ እያለ አስነገረ። “መልክ ጥፉን በስም ይደግፉ” እንዲሉ ነው። መቆጣጠሪያው እንደ ስልክ በቁጥር ቁልፎች የታጨቀ ነበር። ሁለቱም በ1996 ከገበያ ወጡ።

ለምስሉም ፍርድ ይሰጠው

ነገር ግን አንድ ወገን ብቻ ሰምቶ መፍረድ አይገባም። የሶኒ “ፕሌይስቴሽን” በ1995 አሜሪካ ሲገባ፣ የአሜሪካው ቢሮው በፎስተር ሲቲ ሆኖ፣ ሰውን የማረከው በሦስት ገጽታ በሚታየው ምስሉ ነበር። ጨዋታው በሲዲ ስለሚመጣ ብዙ ምስልና ድምፅ በርካሽ ይይዛል። በ1996 ኔንቴንዶ 64 በማውንቴን ቪው በሚገኘው ሲሊከን ግራፊክስ በተነደፈ ቺፕና በአውራ ጣት በሚንከባለል አዲስ ዱላ ታጥቆ መጣ። ቢሆንም 33 ሚሊዮን ያህል ሲሸጥ ፕሌይስቴሽን ከ100 ሚሊዮን አለፈ። አዲስ መቆጣጠሪያ ብቻውን አላዳነውም። ሆኖም አሸናፊው ሶኒም በ1997 ሁለት ዱላ ያለው ጆይስቲክ አወጣ። በምስል ያሸነፈው እንኳ በእጅ በኩል የተሸናፊውን ሐሳብ ተቀበለ ማለት ነው።

ቀጥሎ የመጣው ፕሌይስቴሽን 2 ወደ 160 ሚሊዮን ተሸጠ። ከእሱ የበለጠ የምስል ጉልበት የነበረው የማይክሮሶፍቱ ኤክስቦክስ ግን 24 ሚሊዮን ያህል ነው። የዚያን ኤክስቦክስ የምስል ቺፕ የሠራው ኤንቪዲያ፣ በ1993 በሳን ሆዜ በአንድ “ዴኒስ” ምግብ ቤት ጠረጴዛ ላይ የተመከረበት፣ ዛሬ ግን በዓለም ከታወቁት ሀብታም ኩባንያዎች አንዱ የሆነው ነው። የምስል ቺፕ ዋጋ የለውም የሚል ካለ እንግዲህ ይህን ኩባንያ ይመልከት።

አያትም የተጫወቱበት ዘመን

ክርክሩ ለይቶለት የታየው በ2006 ነው። ፕሌይስቴሽን 3 በ499ና በ599 ዶላር መጣ፤ ምስሉ እንከን አይወጣለትም። ኔንቴንዶ “ዊ” የተባለውን በ249 ዶላር አወጣ። የዊ ምስል ካለፈው ዘመን ብዙም የተሻለ አልነበረም። ነገር ግን መቆጣጠሪያውን ይዞ እጅን እንደ ቴኒስ መምቻ መወንጨፍ ብቻ በቂ ነበር። በአረጋውያን መኖሪያ ቤቶች ሽማግሌዎች ቦውሊንግ ይወዳደሩበት ጀመር። ዊ ከ101 ሚሊዮን በላይ ሲሸጥ ፕሌይስቴሽን 3 ከ87 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ።

ይህን ያየ ሁሉ አዲስ መቆጣጠሪያ ፍለጋ ሮጠ። ማይክሮሶፍት በ2010 ያለ ጆይስቲክ በሰውነት እንቅስቃሴ የሚታዘዝ “ኪኔክት” አወጣ። በ60 ቀን 8 ሚሊዮን ተሸጠ፤ በ2017 መሠራቱ ቆመ። ኔንቴንዶ ራሱ በ2012 መስኮት ያለው መቆጣጠሪያ ይዞ “ዊ ዩ” ብሎ ቢመጣ ሰው ምን እንደሆነ አልገባውምና ከ14 ሚሊዮን በታች ቀረ። በ2017 ግን “ስዊች” መጣ። ከቴሌቪዥን ነቅለው በአውቶቡስ ይዘውት የሚሄዱት ሆነ፤ ከ150 ሚሊዮንም በላይ ተሸጠ። አዲስነት ለአዲስነት ሲባል አይሸጥም። ለሰው ኑሮ የሚመች ሲሆን ብቻ ነው።

አዲስ አበባ ፕሌይስቴሽን ቤት

አገር ቤት ያለው ልምድ ከዚህ የተለየ አይደለም። ከጆተኒ ቀጥሎ የአዲስ አበባን ወጣት የሰበሰበው ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። ብዙውን ጊዜ ጠባብ ክፍል፣ ጀርባው ያበጠ አሮጌ ቴሌቪዥን፣ ከግድግዳው ተደግፎ ተራ የሚጠብቅ ልጅ። ክፍያው በጨዋታ ነው። የሚጫወቱት ኳስ ነው። እዚያ ስለ ሣሩ ቅጠል የሚጨቃጨቅ የለም። ጭቅጭቁ “ይሄ ጆይስቲክ አይሠራም፣ ቀይርልኝ” የሚል ነው። የተሸነፈ ሁሉ ያላከከው በጆይስቲኩ ነው። የቤቱ ባለቤትም ቴሌቪዥኑን ለዓመታት ሳይቀይር ጆይስቲኩን ግን በየጊዜው ያስጠግናል።

ከዚህም ወደ ኋላ ቢኬድ ገበጣ አለ። መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ በጠጠር ወይም በዘር የሚጫወት እረኛ ምስል አልነበረውም። እጁና ስሌቱ በቂው ነበር።

እንግዲህ ፍርዱ ምንድን ነው?

የኀምሳ ዓመቱ ታሪክ የሚያሳየው ይህን ነው። ምስል ሰውን መደብር ያስገባል፤ ቤት ውስጥ የሚያቆየው ግን እጅ ነው። ምስል በጥቂት ዓመት ያረጃል። በ1993 ድንቅ የተባለው ዛሬ ልጅ ያስቃል። ለእጅ የተመቸ ነገር ግን አያረጅም። የዮኮይ መስቀል ዛሬም አለ።

ከሁሉም በላይ መቆጣጠሪያ በር ነው። ማን ገብቶ ማን ውጭ እንደሚቀር የሚወስነው እሱ ነው። ማይክሮሶፍት በ2018 እጃቸው ወይም ጣታቸው ለማይታዘዝላቸው ሰዎች የሚሆን መቆጣጠሪያ በ100 ዶላር ገደማ ባወጣ ጊዜ፣ እስከዚያ ቀን ተመልካች ሆነው የቀሩ ልጆች ተጫዋች ሆኑ። ምንም ያህል ያማረ ምስል ይህን ሊያደርግላቸው አይችልም ነበር።

በ2011 በኦክላንድ የዲጂታል ጥበብና መዝናኛ ሙዚየም ሲከፈት አሮጌ ማጫወቻዎችን በመስታወት ውስጥ አልቆለፈም። ጎብኚው ይዞ እንዲጫወትባቸው አደረገ። ጨዋታ ሲታይ ሳይሆን ሲነካ ነው ሕይወት የሚኖረው።

ስለዚህ መደብር የገባ ወላጅ ሻጩን ከሰማ በኋላ አንድ ነገር ያድርግ። ጆይስቲኩን ራሱ ይያዘው። ከአዲስ አበባ ለጥየቃ የመጡ አያት ከልጅ ልጃቸው ጋር ሊጫወቱበት ይችሉ እንደሆነ ያስብ። የቋንቋ ነገር በአያትና በልጅ ልጅ መካከል ግድግዳ በሚሆንበት በስደት ቤት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ዕቃው ቤት ከገባ በኋላ ደግሞ ለልጁ የጄሪ ላውሰንን ታሪክ ይንገረው። የሚሰካውንና የሚነቅለውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ለቤት እንዲሆን ያደረጉት፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን ሲጠግኑ ያደጉ፣ እዚሁ ሳንታ ክላራ የኖሩ ጥቁር ሰው መሆናቸውን ይወቅ። ላውሰንን ላውሰን ያደረገው አስተማሪያቸው ከመቀመጫቸው አጠገብ የሰቀሉት አንድ ሥዕል ነበር። በሳን ሆዜና በኦክላንድ ያለ ኢትዮጵያዊ ልጅም ከጠረጴዛው አጠገብ የላውሰን ሥዕል ቢሰቀልለት፣ ጆይስቲክ ከመያዝ አልፎ ጆይስቲክ ወደ መሥራት የማይደርስበት ምክንያት የለም።